አንድ የብረት ቆብ ሙሉ ማተብ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ነገ ጎህ ሲቀድ መላጣውን ኮረብታ እንይዛለን። መላጣው ያልነው እኛ ነን፤ ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። አንዲት ቁጥቋጦ ያልበቀለበት ጉብታ ነው። ከሥሩ ቆሞ ለሚያየው ምንም አያስፈራም፣ ለሚወጣው ግን መከለያ የለውም። ሰሜን ግንባር ስምንት ወር ስንከርም ሁልጊዜ ከፊታችን ተገትሮ የነበረው እሱ ነው።

እኔ አሥር አለቃ በቀለ ነኝ። ያኔ የመትረየስ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ጥይት ተሸክሞ ከተኳሹ ጎን የማይጠፋ ሰው ነው። ከጎኑ ከጠፋ ረዳት አይባልም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ተኳሹ ደምሴ ነው፤ የመንዝ ልጅ። ትከሻው በር ይዘጋል፣ ሲያንኮራፋ ሻምበሉን በሙሉ ይቀሰቅሳል። አንድ ቀን ምሽግ ውስጥ ቁጭ ብለን «ክርስትና ስምህ ማን ነው?» አልኩት።

«አልነግርህም» አለኝ።

«ለምን?»

«ትስቃለህ።»

አልስቅም ብዬ ማልኩ። አላመነኝም። ገብረ ሚካኤል ቢሆን ኃይለ ጊዮርጊስ ቢሆን ምን ያስቃል ብዬ እኔም ተውኩት። ወጣት ሳሉ ነገ የሚባል ነገር የሚያልቅ አይመስልም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ለሰልፍ ተጠራን። ጋንታችን ሠላሳ አራት ነው። በቁመት ነው የተሰለፍነው፤ ስለዚህ ደምሴ ከቀኝ ጫፍ፣ እኔ ደግሞ ከግራ ጫፍ ሆንን። የቆምነው የውኃ ቦቴው አጠገብ ነበር፤ ሞተሩ አልጠፋም። የብርጌዱ ካድሬ ጓድ ጌታሁን ከፊታችን ቆመ። ወጣት ነበር፣ ከእኛ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ከደረት ኪሱ እርሳስና ትንሽ ደብተር አይለይም። የብረት ቆቡን አውልቆ ገለበጠውና «ነገ የምትወጡት በመሣሪያ ነው፣ በክር አይደለም። አንገታችሁ ላይ ያለውን እዚህ ውስጥ ጣሉ» አለን። መጀመሪያ የራሱን ማተብ በጥሶ ጣለ። ከሙስሊም ጓዶቻችንም ክታባቸውን ጠየቀ።

ቆቡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «በጥሰህ ጣል፤ ነገ ታስረዋለህ» ይባባላል ሰው፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ብዙዎቹ በጠሱ። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ብልጥ ነኝ። ጫማ የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና የግራ ጫማዬን ማሰሪያ በሳንጃ ቆረጥኩት። ጥቁር ነው፣ ማተቤም ጥቁር ነው። ማተቤን አውልቄ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ቆቡ ሲደርሰኝ ማሰሪያዋን ጣልኩ። እግዜርንም ካድሬውንም ባንድ ክር ሸወድኩ ብዬ ኮራሁ።

ከኔ በፊት ቆቡ ደምሴ ጋ ሲደርስ ምንም ሳይጥል ለቀጣዩ አቀበለው።

«ማተብህስ?» አለ ካድሬው።

«አንገቴ ላይ ነው፣ ጓድ።»

ከሰልፍ አስወጥቶ ሃያ ርምጃ ያህል ይዞት ሄደ። ደብተሩን አወጣ። የቦቴው ሞተር ስለሚጮኽ የተባባሉት አይሰማም፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታየኛል። ካድሬው ጠየቀ፣ ደምሴ መለሰ። ደግሞ ጠየቀ፣ ደግሞ መለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀና ጻፈ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ነገ ይኼ መትረየስ ከመጀመሪያው ጓድ ጋር ከሁሉ ፊት ይወጣል» አለ። መትረየሱ ወጣ ማለት እኔም ወጣሁ ማለት ነው።

«ምን አለህ?» አልኩት ደምሴን እራት ላይ።

«ስምህ ማን ነው አለኝ። ክርስትና ስሜን ነገርኩት።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ደንቆሮ መሰለኝ» አለና ኮቾሮውን መቆርጠም ቀጠለ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መድፋችን ጀመረ። አሥራ ሁለት ላይ ቆመ። ወጣን። መጀመሪያ ዝም ነበር። የኮረብታው ወገብ ላይ ስንደርስ ከላይ ተኩስ ተከፈተ። ጋንታ መሪያችን ወደቀ። «ወደፊት!» አለ ምክትሉ፤ እሱም ወደቀ። እኛ ግን አልቆምንም። ተኝተን ተኮስን፣ ተነሥተን ሮጥን፣ እንደገና ተኛን። ደምሴ መትረየሱን እንደ ማገዶ እንጨት በክንዱ አቅፎ ከፊቴ ይሮጣል፤ እኔ በግራው ነኝ፣ የጥይት ሰንሰለት በአንገቴ።

ማሰሪያ የሌለው ጫማ ከእግሬ ወጣና ቁልቁል ተንከባለለ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ጫማው ብቻ ቢሆን ባዶ እግሬን እሮጥ ነበር። ግን ካልሲውም አብሮ ሾልኳል፤ ማተቡ እዚያ ውስጥ ነው። አራት ርምጃ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

«ና!» አለኝ ደምሴ፣ ሳይዞር። ከሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኼ ነው።

ካልሲውን አንሥቼ ቀና ስል ደምሴ ወድቋል። ደረስኩበት። አንገቱ ላይ ማተቡ እንዳለ ነው። መትረየሱን አነሣሁ፣ ተኮስኩ፣ ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮስኩ። ከጎኑ ብሆን ይተርፍ ነበር ወይ? ወይስ ሁለታችንም እንሞት ነበር? ይህን ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄ ትቼዋለሁ። አራት ርምጃ ግን አራት ርምጃ ነው፤ እሱን አልተውኩትም።

ሦስት ሰዓት ላይ መላጣውን ያዝን። አምስት ሰዓት ላይ ሬሳችንን ሰበሰብን። አሥራ አራት ሆኑ። ማተቡን የበጠሰም ያልበጠሰም ጎን ለጎን ተጋደመ። ከሁለቱ ሙስሊም ጓዶቻችን ራስጌ ከጋንታችን የተረፈው ሰይድ ቆሞ ስማቸውን እየጠራ ዱዓ አደረገላቸው። ለአሥራ ሁለቱ፣ ከጦር በፊት ዲያቆን የነበረ አንድ ወታደራችን ካድሬው ሳያይ ፍትሐት ሊያደርስ ተነሣ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሞት በክርስትና ስሙ ነው የሚጸለይለት፤ ይህን ታውቃላችሁ። ዲያቆኑ በየሬሳው ላይ «ክርስትና ስሙ ማን ነው?» እያለ ጠየቀ። ለአሥራ አንዱ የሚያውቅ ጓደኛ ተገኘ። ደምሴ ጋ ሲደርስ ሁሉም ወደኔ ዞረ።

አላውቅም አልኩ። አብሬው በልቼ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርቼ፣ አላውቅም አልኩ። ዲያቆኑ «ነፍሱን ይማር» ብሎ አለፈ።

የመንዝ ዘመዶቹን አላውቃቸውም፤ እኔ ከማውቀው ሰው መሃል ስሙን የያዘ አንድ ብቻ እንደቀረ ያኔውኑ ገብቶኛል። ካድሬው ነው። በሳምንቱ ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ፤ እኔም ልጠይቀው አልሄድኩም። ደምሴን ከፊት ያሰለፈው እሱ ነው፤ የሱን ፊት ከማይ ዐይኔ ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ ነው። ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጉልበቴ እንጂ ሌላው ደህና ነው። እሁድ እሁድ አይ ፋይቭ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን እወጣለሁ። ባለፈው ዓመት ማርታ ከቅዳሴ በኋላ በረንዳው ላይ ያዘችኝ። ማርታ እዚሁ አጠገባችን ሬንተን ከተማ ያደገች፣ አውሮፕላን ፋብሪካው ውስጥ ኢንጂነር የሆነች፣ የወጣቶቹን ሰንበት ትምህርት የምታስተምር ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ልጆቹ ስለ ሮማን ኤምፓየር እየተማሩ ነው። ሶ፣ ሰማዕታቱ ብዙዎቹ ወታደሮች ነበሩ። ወታደር የነበረ ሰው ቢያናግራቸው ደስ ይላቸዋል። ይመጣሉ?» አለችኝ።

ሄድኩ። ምድር ቤት ያለው ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠዋል። ማርታ በደንብ ታስተምራለች፤ አትንዛዛም። የሮም ቄሣር አዋጅ አወጣ አለቻቸው። ወታደር ሁሉ ለአማልክትና ለቄሣሩ ምስል ዕጣን ያጥን። አንዲት ቁንጥር ዕጣን፣ ሌላ ምንም አይደለም። ያጠነ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። እምቢ ያለ የወታደር መታጠቂያውን ፈቶ መሬት ላይ ጣለና ለፍርድ ቀረበ። መጻሕፍት ተቃጠሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመተ ሰማዕታት ብለን እንጠራዋለን፤ ባሕረ ሐሳባችን ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

«ደግሞ» አለች ማርታ፣ «ከዚያ በፊት በነበረ ስደት ያላጠኑም ያልታሰሩም ነበሩ። በዘዴ ‹አጥኗል› የሚል ወረቀት የሚያወጡ። ዕጣኑን አልነኩም፣ ግን ወረቀቱን አሳይተው ያልፋሉ።»

ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ።

ሶስና የምትባል ጎበዝ ልጅ እጇን አወጣች። «ዌይት፣ ዳኛው ሲጠይቃቸው ምን እንዳሉ እንዴት እናውቃለን? እነሱ ሞተዋል፣ ራይት?»

«ኮርቱ ጸሐፊ ነበረው» አለች ማርታ። «ዳኛው ስምህ ማን ነው ሲል ይጽፋል፣ ሲመልሱም ይጽፋል። አንዳንዶቹ ስምህ ማን ነው ሲባሉ ክርስቲያን ነኝ ብቻ ብለው ይመልሱ ነበር፤ እሱንም ይጽፈዋል። ሶ፣ የብዙዎቹን ስም ያቆየልን የሚፈርድባቸው ሰዎች መዝገብ ነው። ክርስቲያኖቹ በኋላ ሄደው ከነሱ ነው የገለበጡት።»

ይህን ስትል የቦቴው ሞተር ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተነሣ። እርሳሱ ታየኝ።

ሶስና አልጨረሰችም። «ያጠኑትስ? ስደቱ ሲያልቅ ምን ሆኑ?»

«ተመልሰው መጡ። አንዳንዱ አናስገባም አለ፤ ሌላው ንስሐ ይግቡና ይመለሱ አለ። በጣም ተጣልተውበታል። እስኪፈቀድላቸው ድረስ ደጅ ይቆሙ ነበር።»

«ኦ፣ ፓርኪንጉ ጋ እንደሚቆሙት ሰውዬ?» አለች ሶስና።

ልጆቹ ሳቁ። ማርታ ሰውዬው ሰው የሚጠብቁ ይሆናል አለች። እኔ አልሳቅኩም። ያ ሰው ሦስት እሁድ ሙሉ ካፊያ ላይ፣ አጥሩ ሥር፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሲቆም ዐይቼዋለሁ። ሸብቷል፣ ጎብጧል። የደረት ኪሱ ላይ ግን እስክሪብቶ አለ፤ ሲቆምም ሁለት ተረከዙን ያጋጥማል። የመጀመሪያው እሁድ ነው ያወቅኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት እሁድ የደምሴን ስም የያዘ ሰው አጠገብ ፓርክ አድርጌ፣ ሰላም ሳልለው አልፌያለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ሞኝ እኔ ነኝ፣ የያዝኩትም ቂም ነበር።

ልነሣ ስል ከኋላ አንዱ ጎረምሳ አንገቴን እያየ «ጋሼ፣ እርስዎ አርሚ እያሉ ማተብዎን አልቆረጡም አይደል?» አለኝ።

«አልቆረጥኩም» አልኩ። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገሩ ውሸት ነው። አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ጭብጨባውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ዝናቡ እንደ ልማዱ ያካፋል። ቀጥ ብዬ ሄጄ ከፊቱ ቆምኩ።

«ጓድ ጌታሁን» አልኩት።

ፊቱ ደም አጣ። «እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ዘመን ሆኖታል» አለ።

«የመትረየሱ ረዳት ነኝ። የደምሴ ረዳት።»

«ዐውቄዎታለሁ፣ አሥር አለቃ። ካወቅኩዎት በኋላ ነው መግባት ያቃተኝ። እርስዎ በቆሙበት ምን ፊት ይዤ ልቁም?»

ልሰድበው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ዓመታት ያዘጋጀሁት። ሁሉን ተውኩት። «ያን ዕለት ስሙን ጠይቀውት ነበር» አልኩ።

«ሦስት ጊዜ። የቀለደብኝ መስሎኝ። ዝርዝሩ ላይ ካለው ስም ጋር አልገጥም ስላለኝ።» ዝናቡን ከግንባሩ ጠረገ። «ደብተሩ ከጠፋ ቆይቷል። ስሙ ግን አልጠፋኝም። ያኔ አላሳዘነኝም፣ አልዋሽዎትም። እየዋለ እያደረ ነው የመጣብኝ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን እጠራዋለሁ።»

«ይንገሩኝ።»

ነገረኝ።

ሳቅኩ። ፓርኪንግ መሃል ቆሜ፣ ደምሴ እንዳለው፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ መኪናው ላይ ተደግፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እሱ ካፊያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሲወጣልኝ «እኔም የምነግርዎት አለ። ያን ዕለት የጣልኩት የጫማ ማሰሪያ ነው» አልኩት።

«ዐውቃለሁ። ቆቡን ሳገላብጥ ጫፏ ላይ ቆርቆሮ ያላት ክር አገኘሁ። በሰልፉ ላይ ጫማው የተፈታው አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ተኳሹንም ረዳቱንም ብከስ መትረየሱን ማን ይይዘዋል ብዬ ነው። ደግነት አድርገው እንዳይቆጥሩልኝ።»

ለዚህች መልሱ አከበርኩት። ማተቡን ሁሉ የት አደረሱት ስለው አላቃጠልኩትም አለ። ከመላጣው ሥር ጉድጓድ ምሶ ቀብሮታል፤ እናቱ ያሰረችለት የሱም እዚያው ውስጥ ነው። ይቅር አልኩት ብዬ አልጽፍም፤ ይቅር የሚለው ደምሴ ነው። እጁን ይዤ ወደ ቄሱ ወሰድኩት እንጂ። ቄሱ ንስሐ ሰጡት፣ ቀኖናውን ጀመረ። ቀኖናው እስኪያልቅ አሁንም ደጅ ይቆም ነበር፤ ግን በረንዳው ላይ፣ ጣሪያ ሥር። ሶስና ጃንጥላ ሰጥታዋለች፤ ጣሪያ ሥር ጃንጥላ ምን እንደሚያደርግለት እንጃላት።

በቀጣዩ እሁድ ምድር ቤቱ ክፍል ገብቼ ልጆቹ ፊት ቆምኩ። ያጨበጨባችሁልኝን መልሱልኝ አልኳቸው። የጫማ ማሰሪያውን ነገርኳቸው፣ አራቱን ርምጃ ነገርኳቸው። «ማርታ ያለቻችሁ ባለወረቀቱ እኔ ነኝ። ያልበጠሰው ደምሴ ነው፣ እሱ ደግሞ እዚህ የለም» አልኳቸው። ማርታ ትገረማለች፣ ታፍርብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ጋሼ፣ ይጻፉት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

የሥራችሁ ቦታ፣ ትምህርት ቤታችሁ፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ጣሉ ሊላችሁ ይችላል። ምን እንደምታደርጉ አልነግራችሁም። ሮም ውስጥም መላጣው ሥርም ሰው የተለየው ተራ በሚመስል ነገር ነው፤ በቁንጥር ዕጣን፣ በክር። ብልጥ ነኝ ስትሉ ግን ጫማችሁን እዩ።

ለአሥራ ሁለቱ ዳግም ፍትሐት የደረሰው ቀኖናው ባለቀበት እሁድ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ጫማውን ደጅ ያወልቃል። አቶ ጌታሁን መደርደሪያው አጠገብ ተቀምጦ ማሰሪያውን ሊፈታ ታገለ፤ ቋጠሮው አልላላ አለው። ጉልበቴ እየጮኸብኝ በርከክ አልኩና ፈታሁለት። አብረን ገባን።

ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቄሱ አሥራ አንዱን አነበቡ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆም ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ የሴት ስም የቀላቀልኩ መስሏቸው ይሆናል። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። በሙሉ ድምፅ አነበቡት፤ «ጽጌ ማርያም»።

ልጆቹ በኩል ትንሽ ሳቅ ተሰማ። አልተቆጣሁም፤ ትከሻው በር እንደሚዘጋ ነግሬያቸው ነበርና።

መላጣው ላይ አሥራ አራት ሰው ሞተብን። ሰይድ የሁለቱን ስም ያኔውኑ ጠርቷል። የአሥራ ሁለቱም አሁን ተጠርቷል። የቀረ የለም።